ያልተላጠው ላስቲክ

የድሮው አታሚ ወደ ኮምፒውተር ዕቃ መሸጫው ሲገቡ አንድ ነገር በልባቸው ቆርጠው ነበር፤ በሱቁ ካሉት የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣዎች ሁሉ ጮክ ብሎ የሚሠራውን ሊገዙ። ሌላው ደንበኛ ዝም የሚል ዕቃ ሲፈልግ እሳቸው የሚጮኽ መጠየቃቸው ሻጩን ግራ አጋባው። ቢሆንም ሦስቱን ከካርቶናቸው አውጥቶ በየተራ እያስነሣ አሰማቸው። አታሚው የደረት ሕመም እንደሚመረምር ሐኪም ጆሯቸውን ደፍተው አዳመጡና በሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይሄ ሳንባ የለውም" አሉ። "ሌላ የለህም?"

ከኋላቸው ሰው ሳቀ። ዘወር ሲሉ የጠራዡ ልጅ ናት፤ በማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት አብሯቸው የሠራው የመጽሐፍ ጠራዥ ልጅ። እሳቸው የሚያውቋት በአባቷ ጠረጴዛ ሥር በወረቀት ቁራጭ ጀልባ ስትሠራ ነበር። አሁን የአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ሁሉ በእሷ እጅ ናቸው። ተሳሳሙ፤ የአባቷን ነፍስ ይማር ተባለ፤ ከዚያ እትዬስ እንዴት ናቸው ብላ ስለ ሚስታቸው ጠየቀች።

"ደህና ናት" አሉ አታሚው ወደ መደርደሪያው እያዩ። ደህና አልነበረችም። ሐኪሞቹ ወደ ቤት የመለሷት ከዚህ ወዲያ የሚሠራ ነገር የለም ብለው ነው። ነገር ግን ሰው በሱቅ መሐል እውነቱን አይናገርም።

ልጅቱ ኮምፒውተሩ ምን ሆነብዎ አለች። ፊደሉን ሲመቱት ወዲያው አይመጣም፤ ቆይቶ፣ አንዳንዴ ሦስት አራቱ ባንድ ላይ ይመጣል አሉ። ፕሮሰሰሩ፣ የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ሲግል ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገያል፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው ጸጥ ብሎ በደንብ የሚያቀዘቅዝ ነው እንጂ ጩኸት አይደለም አለቻቸው። አታሚው ይህን ሲሰሙ ፈገግ አሉ፤ የተማረ ልጅ ሲሳሳት ትልቅ ሰው የሚያሳየው ፈገግታ።

"ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት ማሽን አዳምጫለሁ። የሞተር ጤናው ድምፁ ነው። ዝም ካለ ወይ ቆሟል ወይ ሊቆም ነው። ትልቁ ማሽናችን ዝም ያለ ቀን ምን ይዞ እንደነበር አባትሽ አልነገረሽም?"

ነግሯታል። የሰው እጅ ነበር የያዘው። ከዚያን ቀን ወዲህ አታሚው ጸጥታን እንደ ክፉ ዜና ነበር የሚቆጥሩት፤ ይህንንም ሞኝነት ብሎ መሳቅ ለማናችንም አይገባም። ሰው ያስደነገጠውን ነገር ይፈራል፤ ፍርሃቱ ከምክንያቱ በኋላ ብዙ ዘመን መኖሩ ነው ችግሩ።

ልጅቱም አልሳቀችም። ማቀዝቀዣ በመለካት እንጂ በማዳመጥ አይመረጥም፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ቤት ሄጄ ልየው፣ በዚያውም እትዬን ልጠይቅ አለች። አታሚው እንግዳ ቤታቸው ከገባ ወራት አልፎ ነበር። እሺ አሉ።

ገና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሳሉ ከላይ አንድ ነገር ሲያጉረመርም ተሰማ። አታሚው ደረጃው መሐል ቆም አሉ።

"ሰማሽው?" አሉ በኩራት። "ስወጣም አላጠፋሁትም። ሞተር የሚጎዳው ሲነሣ ነው።"

ቤቱ አንድ ሰፊ ክፍልና ማድ ቤት ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ከላስቲኩ የወጣ ዕቃ የለም። ሪሞቱ በላስቲክ ነው፤ ወንበሮቹ በላስቲክ ናቸው፤ የግድግዳ ሰዓቱ ከተገዛበት ላስቲክ አልወጣምና ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ ከመስኮቱ ነጸብራቅ ሸሽቶ ወዲያና ወዲህ ማለት ያስፈልጋል። ዕቃ በላስቲኩ ሲቀመጥ ዕድሜው ይረዝማል የሚለው የአታሚው ሕግ ነው። ሚስታቸው የተኛችበት ፍራሽ እንኳ፣ ከሆስፒታል የተመለሰች ዕለት አዲስ የተገዛላት፣ ከነላስቲኩ ነው አንሶላ የለበሰው። አሥራ አራት ወር ሆኖታል።

ኮምፒውተሩ ከአልጋው ሁለት እርምጃ ላይ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ ይጮኻል። አታሚው ከጡረታ ወዲህ የሰው ማመልከቻና የተማሪ ጽሑፍ እየተየቡ ነው የሚኖሩት። እሷ አልጋ ላይ ስትውል ጠረጴዛውን ወደዚህ ያመጡት ከጎኗ ላለመራቅ ነበር። ማሽኑም ከእሷ አጠገብ እንዳይበላሽባቸው ብለው በዚያው ሳምንት አዲስ ማቀዝቀዣ ገዝተው በገዛ እጃቸው ገጠሙለት። መጮኽ የጀመረው ከዚያ ቀን ነው፤ እሳቸውም አዲስ ስለሆነ ነው፣ ጉልበት አለው ብለው ደስ አላቸው።

ልጅቱ ወደ አልጋው ሄዳ የሚስትየውን እጅ ያዘች። የሴትየዋ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ልጅቱ ጎንበስ አለች፤ ጆሮዋን አፏ ድረስ አስጠጋች፤ ቀና ብላም ወደ አታሚው ዞረች።

"እትዬ እያናገሩኝ ነው። ምን እንደሚሉ ግን በዚህ ጩኸት መስማት አልቻልኩም።"

"እየጸለየች ነው" አሉ አታሚው። "ሁልጊዜ እንደዚያ ናት።"

"ጋሼ፣ ማሽኑን ያጥፉልኝ።"

አታሚው አላጠፉም። ከዚህ በኋላ የሆነው ክርክር ረጅም ነው፤ በትሕትና ነው የተደረገው፣ ግን ሁለቱም ነገራቸውን አልለቀቁም። አታሚው ያልተጨረሰ ሥራ አለብኝ አሉ። ልጅቱ አስቀምጠው ይዝጉት አለች። ጠፍቶ አልነሣም ቢልስ አሉ። እኔ አስነሣዋለሁ አለች። ጠንካራ ሠራተኛ ላብ አለው፣ ድምፅ አለው፣ ዝም ብሎ የሚሠራ አይታመንም አሉ። ያን ጊዜ ልጅቱ በራሳቸው ሙያ መጣችባቸው።

"ማተሚያ ቤት የማሽን ኩሽኔታ ሲያልቅ ይጮኽ አልነበር?"

"ይጮኻል እንጂ።"

"ታዲያ ምን ያደርጉ ነበር?"

"ቅባት እሰጠው ነበር። ካልሆነ እቀይረዋለሁ።"

"ድምፁ ጤና ከሆነ ለምን አከሙት?"

ልጅቱ የኮምፒውተሩን ጎን ከፍታ በጣቷ እያሳየች ቀጠለች። ይህቺ ፋን ትንሽ ናት፤ ትንሽ ፋን በቂ ነፋስ ለማምጣት መሮጥ አለባት፤ አጭር ሰው ከረጅም ጋር እኩል ለመራመድ እንደሚሮጠው። ትልቅ ፋን ግን ቀስ ብሎ እየዞረ ያንኑ ነፋስ ያመጣል፤ ጸጥታው ከዚያ ነው እንጂ ከስንፍና አይደለም። ከዚያ ከአታሚው የብረት ማስመሪያ ተቀብላ ከፕሮሰሰሩ እስከ ውጭው ሣጥን፣ እስከ ኬዙ ክዳን ያለውን ቁመት ለካች። የፕሮሰሰሩን ዓይነትና የመግጠሚያ ቀዳዳዎቹን አቀማመጥ ጻፈች። ማቀዝቀዣው ቁመቱ ካለፈ ክዳኑ አይዘጋም፤ ቀዳዳው ካልገጠመ አይቆምም፤ የሚሸከመው ሙቀት ካነሰ ደግሞ ተመልሶ ይጮኻል፤ ከሦስቱ አንዱን የዘነጋ ገንዘቡን ጣለ ማለት ነው አለች። አታሚው ይህን ወደዱት። ልክ ያለው ነገር ሁልጊዜ ይገባቸዋል።

ማጥፋቱን ግን አሁንም እምቢ አሉ። ልጅቱ ወንበር ስባ ቁጭ አለች።

"ጋሼ፣ የሚፈሩት ማሽኑን አይደለም። ምንድን ነው?"

የአታሚው እጅ የጠረጴዛውን ላስቲክ ጫፍ ማጣጠፍ ጀመረ። ከዚያ፣ ልጅቱ ለመስማት እስክትጠጋ ድረስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አሥራ አራት ወር ለማንም ያልነገሩትን ነገሯት። የምርመራው ውጤት የተነገራቸው ዕለት፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ሚስታቸውን ተቆጥተዋታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ቀድመሽ ብትናገሪ ኖሮ ብለዋታል፤ ሰው በተሰበሰበበት። እሷም ያን ቀን መልስ አልሰጠችም። ከዚያም ወዲህ አልተናገረችም።

"አኩርፋኛለች" አሉ። "ማታ መድኃኒቱ ያስተኛታል፤ ጠዋት ሳትነቃ አስነሣዋለሁ። ሲጮኽ... ዝም ማለቷ አይሰማኝም። ካጠፋሁት ግን ዝም ማለቷን እሰማዋለሁ።"

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ስለ ሞተር የተናገሩት ሁሉ እውነት ይመስላቸው ነበር፤ ያምኑበትም ነበር፤ ግን ከሥሩ ይህ ነበር። ስንቶቻችን ነን አንድን የማይረባ ልማድ በብልሃት ቃል እየጠበቅን ከኋላው አንዲት ሐዘን የምንሸሽግ? ጸሐፊው ይህን የሚለው ለመውቀስ አይደለም፤ ወቀሳው ኋላ ከሌላ አፍ ይመጣል።

ልጅቱ ወደ አልጋው ዞራ የሴትየዋን አንገት አየች። ከዚያ "የሕመማቸው ቦታ ጉሮሯቸው ነው አይደል?" አለች። "ጉሮሮው የታመመ ሰው ማኮረፉና ድምፅ ማጣቱ በምን ይለያል ጋሼ? አርባ ዓመት በማሽን ሥር የኖረ ጆሮስ ሹክሹክታን ከዚህ ጩኸት መሐል በምን ይለያል?"

አታሚው ተነሡ። ሥራቸውን አስቀመጡ፤ ኮምፒውተሩን አጠፉት። ጩኸቱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ከመንገዱ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ፤ የጎረቤት ቧንቧ ሲንጠባጠብ ተሰማ። ወደ አልጋው ሄደው ቆሙ። ሚስታቸው እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ልጅቱ፣ እትዬ ሲነቁ ይሰሟቸዋል ብላ አጽናናቻቸውና በካቻቪቴ ብሎኖቹን ፈታች። አሮጌውን ማቀዝቀዣ ቀስ አድርጋ ግራና ቀኝ አዙራ ነቀለችው፤ ገልብጣም አየችው። ከዚያ ለአታሚው አቀበለቻቸው።

ፕሮሰሰሩን የሚነካው ለስላሳ የብረት ገጽ ላይ ስስ ላስቲክ ተለጥፎ ነበር። በሙቀት ብዛት ቡና ዓይነት ሆኗል፣ ጫፉ ተጨማድዷል። የታተመበት ጽሑፍ ግን ይነበባል፤ ከመግጠምዎ በፊት ይህን ላስቲክ ያንሡ ይላል። የተገለበጠ ፊደል ከማሽን ላይ ያለ ችግር የሚያነቡ አታሚ ቀጥ ብሎ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ለምን አላነሡትም ጋሼ?" አለች ልጅቱ። ሲገጥሙ አላዩትም ወይ የሚል አልነበረም ጥያቄዋ፤ ማየታቸውን አውቃለች።

"አዲስ ነበር" አሉ አታሚው።

ልጅቱ ብረቱ ሙቀቱን የሚቀበለው ቆዳ ለቆዳ ሲነካ መሆኑን አስረዳቻቸው። ላስቲኩ መሐል ገብቶ ፕሮሰሰሩ ከሥር ሲነድ ብረቱ ከላይ አልሰማም፤ ፋኗ ደግሞ ሙቀት አለ ስለተባለች ያለ ዕረፍት ስትሮጥ ኩሽኔታዋ አልቋል። "ይጮኽ የነበረው ስለበረታ አይደለም" አለች። "እርዱኝ እያለ ነው።" ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ አሁን እሱን ለማለት መሽቷል አሉ አታሚው፣ ምንም እንኳ ከመስኮቱ ውጭ ገና ቀትር ቢሆን።

ልጅቱ የለካችውን ይዛ ሱቅ ሄደች። አታሚው ላስቲኩን በመዳፋቸው ይዘው አልጋው አጠገብ ቁጭ አሉ። ከአሥራ አራት ወር በኋላ ያ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ በቀን ጸጥ ብሎ ነበር። የሚስታቸውን ትንፋሽ ሰሙት፤ ሲገባ አንድ ድምፅ፣ ሲወጣ ሌላ ድምፅ ነበረው። አብረው አርባ ሦስት ዓመት ሲኖሩ ትንፋሿን አዳምጠው አያውቁም ነበር።

ልጅቱ ይዛ የመጣችው ማቀዝቀዣ ከአሮጌው ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ፋኑ የሰው መዳፍ ያክላል። በመጀመሪያ ላስቲኩን ራሳቸው እንዲያነሡ ሰጠቻቸው። አነሡት፤ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው እንጂ አነሡት። የፕሮሰሰሩን ገጽ በንጹሕ ጨርቅ ጠረገች፤ ሙቀት የሚያሳልፈውን ቅባት የምስር ፍሬ ታህል ብቻ መሐሉ ላይ አኖረች። አይበቃም አላሏትም፤ ቀለም ሲበዛ ገጹን እንደሚያበላሽ ማን ያስተምራቸዋል? ብሎኖቹንም እሳቸው አጠበቁ። አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ማቀዝቀዣውን ያዘነብለዋል፤ በመስቀለኛ፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ ነው የሚያጠብቁት፤ የማተሚያውን ሰሌዳ እንደዚያ ነበር የሚያሥሩት። ልጅቱ ፋኑ ነፋሱን ወደ ኋለኛው መውጫ እንዲገፋ አድርጋ አዞረችው፤ ሽቦውን ለፕሮሰሰር ፋን በተመደበው ቦታ ሰካች፤ ክዳኑንም ዘጋች።

አስነሡት። አታሚው ጠበቁ። መብራቱ በራ፤ ስክሪኑ መጣ። ድምፅ አልመጣም። መዳፋቸውን ኬዙ ላይ አኑረው በሕይወት መኖሩን አረጋገጡ። አንድ መስመር ተየቡ፤ ፊደሉ ከጣታቸው እኩል ወጣ።

ያን ጊዜ ከኋላቸው ሰሙ። ከሹክሹክታ ያነሰ፣ ደረቅ፣ ግን የሚያውቁት ድምፅ ነበር።

"ላስቲኩ ያቃጥለኛል" አለች ሚስታቸው። "ጀርባዬን። ስንቴ ልንገርህ?"

ልጅቱ መጀመሪያ አልገባትም። አታሚው ግን ገባቸው። አንሶላውን ገልጠው ላስቲኩን አዩት። ሚስትየውን ልጅቱ ደግፋ ወደ ጎን አዞረቻት፤ ጀርባዋ ላይ ያዩትን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ላስቲኩን በመቀስ እየቀደዱ ከሥሯ አወጡት። አታሚው እየቀደዱ ያለቅሱ ነበር፤ አለቀሱ ብሎ ማለፍም ይቻላል፣ ግን ድምፅ አውጥተው ነበር፣ የደረጃው ጎረቤት በሩን እስኪከፍት ድረስ።

አኩርፈሽኝ መስሎኝ ነበር አሏት። ሚስታቸው ቃሉን ለማግኘት ጊዜ ወሰደባት።

"መቼ አኮረፍኩ? ቀን ሙሉ አወራሃለሁ። ጀርባህን የሰጠኸኝ አንተ ነህ።"

ከዚያን ቀን በኋላ ድምፅዋ አሥራ አንድ ቀን ቆየ። በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት አታሚው ጠረጴዛውን አዙረው ፊታቸውን ወደ አልጋው አድርገው ተየቡ፤ እሷም የሚተይቡትን አስነብባ አንዳንዱን ማመልከቻ ይሄ ሰውዬ ውሸቱን ነው ትል ነበር። ውሃ ስትል ሰሙ፤ ትራሱን ስትል ሰሙ። አባቷ የተከሉትን ዛፍ ስም ረስታ ስትጨነቅ አስታወሷት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ጆሯቸውን አፏ ድረስ አስጠጉ፤ ትንፋሽ ብቻ ነበር። እሱም ከሳምንት በላይ አልቆየም።

አሁን አታሚው የጸጥታ ጠበቃ ሆነዋል። ኮምፒውተር ላለው ጎረቤት ሁሉ የልጅቱን ትምህርት ይነግራሉ፤ ጥቅሙንም ያስረዳሉ። ፕሮሰሰሩ ስለማይግል ሥራ አይዘገይም፤ ፋኑ ስለማይሮጥ አቧራ አይስብም፣ ኩሽኔታውም ቶሎ አያልቅም፤ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፤ ሰው ራሱን ሳያመው ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ አንባቢም ይሥራበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚል ሰው ካለም አታሚው አይቀየሙም፤ ራሳቸው ናቸው አስቀድመው የሚሉት።

በቤታቸው አሁን ላስቲክ የለበሰ ዕቃ የለም። ሪሞቱ ቆሽሿል፣ ወንበሮቹ ላይ ነጠብጣብ አለ። ሰዓቱ ራቁቱን ግድግዳው ላይ ሲቆጥር ይሰማል። አንድ ቀን የጠራዡ ልጅ ልትጠይቃቸው መጥታ ማሽኑ እንዴት ነው፣ ይረብሽዎታል እንዴ አለቻቸው።

"የለም" አሉ አታሚው። "ምንም አይሰማም።"